መሣሪያ ባለበት ቤት የልጆች ጠባቂው ማን ነው?

(በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበና ለዚህ ገጽ የተዘጋጀ ንግግር)

የዛሬው ርዕሳችን ለጆሮ የማይጥም ቢሆንም ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ መነሣት ያለበት ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ በልጆች እጅ እንዳይገባ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

ከመካከላችሁ «እኛ ገና አዲስ ገቢዎች ነን፤ የምንኖረውም በመርከዝ ቅሊታ ነው፤ መሣሪያ የለንም፤ ታዲያ ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር መሣሪያ ወደ ቤታችን የሚገባው እኛ ገዝተነው ብቻ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ በየትኛው በር እንደሚገባ እንመልከት።

መሣሪያ ወደ ቤት የሚገባባቸው በሮች

አንደኛው በር ወታደር ልጃችን ወይም ዘመዳችን ነው። በእስራኤል ወንዶችም ሴቶችም ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ይጠራሉ። ብዙዎቹ ተዋጊ ወታደሮች ለዕረፍት ሲመጡ ጠመንጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ቤታችሁ ወታደር ባይኖር እንኳ የወንድማችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ለሰንበት ሊጠይቃችሁ ሲመጣ መሣሪያው አብሮት ይገባል።

ሁለተኛው በር የጥበቃ ሥራ፣ በተለምዶ ሽሚራ የምንለው ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች በገበያ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤትና በአውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ በጥበቃ ሠርተው ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ የተከበረ ሥራ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ሽጉጥ ታጥቀው ይሠራሉ።

ሦስተኛው በር የግል ፈቃድ ነው። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ መንግሥት የግል ሽጉጥ ፈቃድ መስፈርቱን አላላ። ማመልከቻ ያስገባው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ እስከ 2024 የመጀመሪያ ወራት ድረስ ብቻ ከ100,000 በላይ አዲስ ፈቃድ ተሰጥቷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ያልነበረበት የጎረቤት ቤት ወይም የልጃችሁ የትምህርት ቤት ጓደኛ ቤት ዛሬ ሽጉጥ ሊኖርበት ይችላል።

በመሆኑም ጥያቄው «መሣሪያ አለን ወይ?» ብቻ አይደለም። «ልጃችን በሚገባበት ቤት ሁሉ መሣሪያ ካለ እንዴት ተቀምጧል?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

«እኛስ በጠመንጃ መካከል አድገን የለም ወይ?»

ይህን የሚሉ አባቶች አሉ፤ መልስ ይገባቸዋል። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው ጠመንጃን ያውቀዋል። በግድግዳ ተሰቅሎ ወይም ከራስጌ ተጋድሞ ሕፃናት እያዩት ያድጉ ነበር። አውሬ ከአዝመራ ለማባረር፣ ቤትንና ከብትን ለመጠበቅ ያገለግል ነበር። በሠርግና በለቅሶም ይተኮስ ነበር፤ ጠመንጃ ያለው ሰው በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር። እርግጥ በዚያም አገር ቢሆን አደጋ አልነበረም ማለት አይደለም። ቢሆንም የዚያ ኑሮና የዚህ ኑሮ በአራት ነገር ይለያያሉ።

በመጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ሌላ ነው። የድሮው ጠመንጃ ረጅምና ከባድ ስለነበር ለትንሽ ልጅ ማንሣቱም ይቸግረው ነበር። የዛሬ ሽጉጥ ግን በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ የስድስት ዓመት ልጅ በሁለት እጁ ሊያነሣው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ያኔ ጥይቱ በዝናር ለብቻው ይቀመጥ ነበር። የዛሬ ሽጉጥ ግን ብዙ ጥይት በእጀታው ውስጥ ይዞ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ ያኔ በቤቱ ዙሪያ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነበር። አያት ከምድጃው አጠገብ፣ አጎት ከደጅ፣ ጎረቤት ከአጥር ማዶ ሆነው ልጅን ይጠብቁ ነበር። እዚህ ግን አባትም እናትም ማልደው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩን በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ወደ ባዶ ቤት ይገባሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የሚሆነውን የሚያይ የለም።

አራተኛ፣ የዛሬ ልጅ ከማንበቡ በፊት በቴሌቪዥንና በስልክ ላይ ተኩስ ያያል። በጨዋታው ውስጥ የተመታው ሰው ተመልሶ ይነሣል። በፑሪም በዓል ደግሞ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ እየተኮሰ ይዞራል፤ ትልልቆቹም ይስቁለታል። ይህ ልጅ በአልጋ ሥር እውነተኛ ሽጉጥ ቢያገኝ መጫወቻ ቢመስለው አያስደንቅም።

«ልጄን መክሬዋለሁ፤ አይነካም»

ቤተሰቦችን በምንጎበኝበት ጊዜ አዘውትረን የምንሰማው መልስ ይህ ነው። ልጅን መምከር መልካም ነው። ነገር ግን ምክር ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ጥናት አለ።

በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ውጤት በ2001 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ለአጭር ጊዜ እንዲቆዩ ተደረገ። በመሳቢያ ውስጥ እንዳይተኩስ የተደረገ እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቆ ነበር። ከ29ኙ ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት። 16ቱ ቡድኖች አነሡት፤ ነካኩት። በ10ሩ ቡድኖች ደግሞ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበ። ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ መጫወቻ ይሁን እውነተኛ በእርግጠኝነት አላወቁም ወይም መጫወቻ መስሏቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው የሚከተለው ነው። ሽጉጡን ከነኩት ወይም ምላጩን ከሳቡት ልጆች ውስጥ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ከዚያ በፊት የተመከሩ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ባለጌዎች አልነበሩም፤ ምክሩንም አልረሱትም ይሆናል። ነገር ግን የልጅ አእምሮ ገና አልበሰለም። ጓደኛው አጠገቡ ሲሆን፣ የሚያጓጓ ነገር በእጁ ሲገባ፣ የተነገረውን ቃል ከማስታወስ ይልቅ እጁ ይቀድማል። እሳት እንዳይነካ የተመከረ ሕፃን ብቻውን ከምድጃ አጠገብ አይተውም፤ ከመሣሪያም አጠገብ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለልጅ የሚሰጠው ምክር የትልቁን ሰው ኃላፊነት አይተካም። ልጅን ከመሣሪያ የሚጠብቀው ራሱ ልጁ አይደለም፤ ትልቁ ሰው ነው።

መደበቅ መቆለፍ አይደለም

ብዙ ሰው ሽጉጡን ከልብስ ሥር፣ ከቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከፍራሽ በታች ወይም ከጫማ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥና «የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» ይላል። ልጅ ግን ቤቱን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የተደበቀ ከረሜላ የት እንዳለ፣ ለበዓል የተገዛ ስጦታ የት እንደተቀመጠ የማያውቅ ልጅ የለም።

በ2006 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት መሣሪያ ያላቸው ወላጆችና ልጆቻቸው ለየብቻ ተጠየቁ። «ልጄ መሣሪያው የት እንደተቀመጠ አያውቅም» ካሉት ወላጆች ከመቶ 39ኙን ልጆቻቸው ያለበትን ቦታ እንደሚያውቁ ተናገሩ። «ልጄ ነክቶት አያውቅም» ካሉትም ከመቶ የ22ቱ ልጆች መንካታቸውን ተናገሩ። ወላጆቹ ሆን ብለው አልዋሹም፤ የተናገሩት የመሰላቸውን ነው።

ታዲያ የሚጠቅመው ምንድን ነው? በ2005 የወጣ ጥናት አራት ነገሮች እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን አደጋ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እነዚህም መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ከመሣሪያው ማውጣት፣ ጥይቱንም መቆለፍ፣ ጥይቱንና መሣሪያውን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ናቸው። እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ወደ ተግባሩ እንግባ።

በቤት ውስጥ መደረግ ያለበት

1. መሣሪያ ከባለቤቱ ሰውነት በተለየ ጊዜ ሁሉ በሚቆለፍ ጠንካራ የብረት ሣጥን፣ በዕብራይስጥ ካሴፌት በሚባለው ውስጥ ይግባ። ሣጥኑ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በቡሎን የታሰረና ከዓይን የራቀ ቢሆን ይመረጣል። የመኝታ ቤት በር መቆለፍ ብቻውን አይበቃም።

2. የሣጥኑ ቁልፍ በመሳቢያ ወይም በምስማር ላይ አይንጠልጠል፤ በባለፈቃዱ ኪስ ይሁን። ሣጥኑ በቁጥር የሚከፈት ከሆነ የልጆችን የልደት ቀን ወይም የስልካችሁን ቁጥር አትጠቀሙ፤ ልጆች ያንን ቀድመው ይሞክራሉ።

3. ጥይቱን ማውጣት ያለበት የሠለጠነው ባለ መሣሪያ ብቻ ነው። እናት ወይም አያት «ባዶ መሆኑን ልይ» ብላ አትንካው። በተለይ ይህን ዕወቁ፦ የጥይቱ ካርታ ከወጣ በኋላም አንድ ጥይት በመሣሪያው ውስጥ ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው የሞተው «ባዶ ነው» በተባለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሁሉ የጎረሰ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

4. መሣሪያ ለጨዋታ፣ ለፎቶግራፍ ወይም ለማሳየት አይውጣ። ልጅን «ና፣ የወንድምህን ጠመንጃ ይዘህ ፎቶግራፍ ተነሣ» ማለት ነገ ብቻውን ሲሆን እንዲያነሣው ፈቃድ መስጠት ነው።

5. ቦርሳና ኮት አትርሱ። በሠርግ፣ በለቅሶና በዓል ቤት የእንግዶች ልብስና ቦርሳ በአንድ አልጋ ላይ ይከመራል፤ ልጆችም በዚያው ክፍል ይጫወታሉ። ሽጉጥ ያለበት ቦርሳ በዚያ ክምር ውስጥ ሊገኝ አይገባም።

ወታደር ልጅ ሲመጣ

ወታደር ልጃችን ሌሊቱን በጥበቃ አሳልፎ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ደክሞት ይመጣል። ምግቡን በልቶ ይተኛል። ጠመንጃውን ከአልጋው ሥር ያደርገዋል፤ ትንንሽ ወንድሞቹ ደግሞ በዚያው ክፍል ናቸው። ወታደር መሣሪያው ከሰውነቱ ሲለይ በሁለት ቁልፍ መቆለፍ እንዳለበት በጦሩ ይማራል። ትእዛዙን ያውቃል፤ ነገር ግን በቤቱ የሚቆለፍ ቦታ ከሌለ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቦታውን ማዘጋጀት የወላጅ ድርሻ ነው። ልጃችሁ ተዋጊ ከሆነ ከመምጣቱ በፊት የሚቆለፍ ነገር አዘጋጁለት፤ ስለ አቀማመጡም አዛዡን እንዲጠይቅ አድርጉ።

እንግዳን እንዴት እንጠይቃለን?

እዚህ ላይ ባህላችን ያስቸግረናል። እንግዳን «መሣሪያህን የት አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል፤ በተለይ ሰውየው ትልቅ ከሆነ ያሳፍራል። ነገር ግን አጠያየቅ አለው። ለእህት ልጅ፦ «ልጄ፣ እንኳን በደህና መጣህ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ልጆቹ ቤት ናቸውና ከመቀመጥህ በፊት ጠመንጃህን የት እንደምንቆልፈው እንይ» ማለት ይቻላል። በዕድሜ ለሚበልጥ ዘመድ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በቤታችን ሕፃናት ስላሉ መሣሪያ የያዘን ሁሉ የምንጠይቀው ነው» ማለት ነውር የለበትም። «ሁሉን የምንጠይቀው ነው» ማለቱ ቅሬታን ያርቃል።

ልጃችሁ ወደ ጓደኛው ቤት ሊሄድ ሲልም እንዲሁ ነው። ምግቡ ኮሸር መሆኑን፣ ውሻ መኖሩን እንደምትጠይቁ ሁሉ «በቤታችሁ መሣሪያ ካለ ተቆልፏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጣችሁ ገና ካልጠነከረ በመርከዝ ቅሊታው የሚሠራ አስተርጓሚ ወይም ዕብራይስጥ የሚችል ትልቅ ዘመድ ያግዛችሁ። ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ስለ ትልልቆቹ ልጆች

ስለ አደጋ ስናወራ የምናስበው ትንንሾቹን ነው። ነገር ግን የ15 ወይም የ17 ዓመት ልጅም ያሰጋል፤ የእርሱ አደጋ ግን ሌላ ዓይነት ነው። አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት መገለል፣ የአባትና የእናት ጭንቀት ተደራርበው ወጣቱን ተስፋ ሊያስቆርጡት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ልቡ የተሰበረበትን አይናገርም፤ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ጉዳይ ከዚሁ ከእስራኤል ትልቅ ትምህርት አለ። ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር ያሳሰበው ጦር በ2006 አንድ ለውጥ አደረገ፤ ወታደሮች ለሰንበት ዕረፍት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በሰፈሩ ትተው እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 ከመቶ ቀነሰ። የቀነሰውም በተለይ በሰንበት ዕረፍት ጊዜ የሚደርሰው ነበር፤ በሥራ ቀናት የሚደርሰው ብዙ አልተለወጠም። (ከ2016 ወዲህ በደረሱ ጥቃቶች ምክንያት ተዋጊዎች እንደገና ይዘው እንዲወጡ ታዟል።)

ይህ ምን ያስተምረናል? ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ያልፋል። በዚያች ሰዓት መሣሪያ በእጅ ከሌለ ሰው ይተርፋል፤ በማግስቱም እናቱ፣ መምህሩ ወይም ሐኪሙ ሊያነጋግረው ይችላል። ስለዚህ በቤታችሁ ያዘነ፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ወጣት ካለ፣ ባለ መሣሪያው ለጊዜው መሣሪያውን ከቤት ያርቅ። ወታደር ከሆነ ለአዛዡ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ከሆነ ለድርጅቱ፣ የግል ከሆነ ለፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ የሚቻልበትን መንገድ ይጠይቅ። ሐዘኑን ለመናገር የሚፈልግ ሰው ኤራን ወደተባለው የእርዳታ ስልክ 1201 መደወል ይችላል።

በባልና ሚስት መካከል ጠብ ሲበረታም ነገሩ ያው ነው። ዘመቻ ያካሄዱ የሴቶች ድርጅቶች እንደቆጠሩት፣ ከ2002 እስከ 2013 ድረስ በጥበቃ ሠራተኞች ሽጉጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ 33 ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ በ2013 ሠራተኞች ሽጉጣቸውን በሥራ ቦታ ትተው እንዲሄዱ የሚያዘው ሕግ በጥብቅ እንዲሠራ ተደረገ፤ በ2014 መጨረሻ ግን በጸጥታው ምክንያት እንደገና ላላ። ቁጣ በነገሠበት ቤት መሣሪያ መኖር የለበትም። ይህን ለሽማግሌ፣ ለቄስ ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛ መናገር ቤትን ማፍረስ አይደለም፤ ቤትን ማዳን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? አደጋ ቢደርስስ?

በእስራኤል መሣሪያ መያዝ መብት ሳይሆን በሁኔታ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ የሚተዳደረውም በ1949 በወጣው የመሣሪያ ሕግ ነው። መሣሪያውን በአግባቡ ያልጠበቀ ሰው ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል፤ በቸልተኝነቱ ሰው ቢጎዳም በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። «ልጁ ነው የነካው» የሚለው ቃል ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም።

ለልጆቻችሁ ሦስት ነገር አስተምሩ፦ መሣሪያ ወይም ጥይት ብታዩ አትንኩ፤ ከቦታው ራቁ፤ ወዲያው ለትልቅ ሰው ንገሩ። በሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ጥይት ወይም ብረትም እንዲሁ ነው፤ ለፖሊስ በ100 ይነገራል። ልጁ መጥቶ ሲነግራችሁ አትቆጡት፤ አመስግኑት። ዛሬ ከተቆጣችሁት ነገ ይደብቃችኋል።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ጨርቁን ሳታነሡ እርዳታ እስኪደርስ ቆዩ።

ውድ ወገኖቻችን፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ወታደር ዘመድ ያላችሁ ደውሉለትና ጠመንጃውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁት። ልጃችሁ የሚጫወትበትን ቤት ባለቤቶች ጠይቁ። መሣሪያ ያላችሁ ዛሬ ማታ ቁልፉ የት እንዳለ ተመልከቱ። እናንተን የከበዳችሁ ነገር ካለ ወደ አካባቢያችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ በአማርኛ የሚያነጋግራችሁ ሰው እንዲገኝ ጠይቁ። ልጆቻችሁን ይህን ያህል መንገድ አሳልፋችሁ ያመጣችኋቸው እንዲኖሩ ነው።

በቸር ያገናኘን። ሰላም ሁኑ።